«ጃጁ» ተብሎ የሚዘጋው መዝገብ

በየመሥሪያ ቤታችን የፋይል ቍጥር ከቃሉ የሚጠራ አንድ የመዝገብ ቤት ሹም መቼም አይታጣም። ወጣቱ ጸሐፊ መደርደሪያውን ሁሉ አገላብጦ ያጣውን ደብዳቤ፥ እርሳቸው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ከላይኛው፥ ከግራ በኩል» ብለው ያወጡለታል። እንዲህ ያሉ አንድ አባት ጡረታ ወጥተው በሐዋሳ ከተማ ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ እንበል። በመጀመሪያ መነጽራቸውን ያስቀመጡበትን ይረሳሉ፤ ይህ የማንም ነው። ቀጥሎ አንዱን ጥያቄ በአንድ ቡና ላይ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ከዚያም አንድ ቀን ማለዳ ከረባታቸውን አስረው፥ ከዐሥር ዓመት በፊት ወደ ተሰናበቱት መሥሪያ ቤት «ሰዓት አለፈብኝ» እያሉ ሲጣደፉ ጎረቤት መንገድ ላይ አግኝቶ ይመልሳቸዋል። ልጆቻቸው ይደነግጣሉ። ጎረቤቱ ግን አጽናናሁ ብሎ «ምን ይደረግ፤ አባባ ጃጁ እኮ!» ይላል። ነገሩም በዚህ ቃል ያልቃል።

እኛ ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ይህንኑ ቃል ነው። «ጃጁ» ከተባለ ወዲያ የሚጠይቅ የለም፤ ሐኪም አይጠራም፤ በሆስፒታል መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር አይኖርም። በሌላው ዓለም ግን ስለዚሁ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠየቅ ቈይቷል። ጥያቄው ከሰው ጠባይ ተነሥቶ ወደ አንጎል፥ ከአንጎልም ወደ አንድ ትንሽ የፕሮቲን ብጣሽ ወርዷል። በቅርብ ዓመታት የተገኘው ውጤት ተስፋም ክርክርም ያለበት ስለ ሆነ፥ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳዩን በጥቂቱ ለማተት ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሐዋሳን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ከተማይቱ የተቈረቈረችው በ1960 ገደማ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ በጕልምስና ዕድሜያቸው መጥተው በሐይቁ ዳር ጐጆ የቀለሱት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ሰማንያውን አልፈዋል። ሐዋሳ ግን ራስዋን የወጣት ከተማ አድርጋ ማየት ትወዳለች። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ከ2020 ጀምሮም የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። ማታ ማታ በፍቅር ሐይቅ ዳር የሚንሸራሸረውን ሕዝብ ላየ ሰው፥ እርጅና በዚህች ከተማ የሚኖር አይመስለውም። ዳሩ ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ አማካይ የሕይወት ዘመን ከ1990 ወዲህ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ጨምሯል። አልዛይመር ደግሞ ዕድሜን ተከትሎ የሚመጣ ደዌ ነው፤ ከ65 ዓመት በኋላ በየአምስት ዓመቱ የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ያህል እየሆነ ይሄዳል። ልጆቻችንን ከኵፍኝና ከወባ ማዳናችን ያመጣው ዕዳ ነው ብንል አንሳሳትም፤ መልካም ዕዳ ነው፤ ቢሆንም መከፈል አለበት።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች በመርሳት ደዌ ተይዘው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ ስድሳ የሚበልጡት የሚኖሩት በድሆችና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ከመርሳት ደዌ ዓይነቶች ዋናው አልዛይመር ሲሆን፥ ከመቶ ከስድሳ እስከ ሰባ የሚደርሰውን ድርሻ ይይዛል። የመርሳት ደዌ የባለጸጎች አገር በሽታ ነው የሚለው አስተያየት፥ እንግዲህ ከቍጥሩ ጋር አይስማማም።

ስሙ የመጣው ከአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት ወደ አእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ገባች። ባልዋን ያለ ምክንያት ትጠረጥራለች፤ የገዛ ስምዋን ለመጻፍ ትጀምርና መካከል ላይ ይጠፋባታል። ዶክቶር አሎይስ አልዛይመር ሁኔታዋን እየተከታተለ ጻፈ። በ1906 በሞተች ጊዜም አንጎልዋን አስመጥቶ፥ በቀለም ነክሮ በአጕሊ መነጽር መረመረው። ያየውም ሁለት ነገር ነው፤ በነርቭ ሕዋሳት መካከል የተከመረ ጕድፍ፥ በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ የተወሳሰበ የክር ቋጠሮ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡት ሐኪሞች ይህንኑ ቢያስረዳ፥ ከቁም ነገር የቈጠረው ሰው አልነበረም ይባላል። እርሱ ያየው ጕድፍ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሰባ ስምንት ዓመት ወሰደ።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮቲን ጥቂት መናገር ግድ ነው። ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሥጋ፥ ባቄላና ዕንቍላል ነው፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ የአሞራ ገደል ዓሣ። ሊቃውንቱ በዚህ ደዌ ረገድ ፕሮቲን የሚሉት ግን በልተን ያገኘነውን አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱ በየሕዋሱ ውስጥ የሚሠራውን ነው። ስለዚህ ማንም አንባቢ ይህን አይቶ ዕንቍላል አልበላም እንዳይል። ፕሮቲንን በሃያ ዓይነት ዶቃዎች የተሰካ ክር አድርገን እንየው፤ ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ክሩ ተሰክቶ ሲያበቃ እንዲሁ ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ በራሱ ላይ ታጥፎና ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጽ ነው። የዕንቍላል ነጩ ክፍል ጥሬ ሳለ ይፈስሳል፤ እሳት ሲያገኘው ይረጋል፤ ከረጋ ወዲያ ቢቀዘቅዝም ተመልሶ አይፈስስም። ዶቃዎቹ ያው ናቸው፤ የተበላሸው አስተጣጠፋቸው ነው። ያለ እሳት፥ ቀስ በቀስ፥ በብዙ ዓመት ውስጥ፥ በሰው አንጎል እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ብለን እናስብ።

በ1984 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሚሠራው ዶክቶር ጆርጅ ግሌነር ከባልደረባው ጋር ያን የአልዛይመር ጕድፍ ለይቶ አወጣ። ጕድፉ የተሠራው ከአንድ አጭር የፕሮቲን ብጣሽ ሆኖ ተገኘ፤ ቤታ አሚሎይድ ተባለ። በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ተሰክቶ የሚገኝ አንድ ረጅም ፕሮቲን አለ። ሕዋሱ ይህን ፕሮቲን ዘወትር ይቈራርጠዋል፤ ከቍርጥራጩም አንዱ 40 ወይም 42 ዶቃ ያለው ብጣሽ ነው። ይህ በጤነኛ ሰውም አንጎል ውስጥ ይሠራል፥ ይጠረጋልም። ነገር ግን ባለ 42 ዶቃው የመጣበቅ ጠባይ አለው። አንዱ ከሌላው ይያያዛል፤ ጥንድ ይሆናል፤ ጥንዱ ክር ይሆናል፤ ክሩ ይከመራል። በሲዳማ ገጠር እንሰት ሲፋቅ ያየ ሰው፥ ያልተለየው እርጥብ ቃጫ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የአሚሎይድ ክምርም በትልቅ ማጕሊያ ሲታይ ከዚያ አይርቅም። ግሌነር ራሱ በ1995 የሞተው በልቡ ላይ በተከመረ ሌላ ዓይነት አሚሎይድ መሆኑን ስናነብ፥ በሽታው የመረመረውን ሰው የተበቀለ መስሎን ነበር።

ሁለተኛው ነገር፥ ቋጠሮው፥ ታው ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። (የግሪኮቹ ቤታና ታው ከእኛ ቤትና ታዊ ጋር የአንድ ዘር ፊደሎች ስለ ሆኑ፥ ስሞቹን ለመያዝ አንቸገርም።) የነርቭ ሕዋስ ምግቡንና መልእክቱን የሚያመላልስበት ቀጫጭን ቧንቧ የመሰለ ምሰሶ አለው። ታው ያን ምሰሶ አጥብቆ የሚያስር ነው፤ በገጠር ቤት ማገሩን ከግድግዳው የሚያስረው ልጥ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። በደዌው ጊዜ ታው ፎስፌት የሚባል ቅመም ከመጠን በላይ ይለጠፍበትና ከምሰሶው ይላቀቃል። ከዚያም እርስ በርሱ ይቋጠራል። ልጡ ተፈትቶ መሬት ላይ ሲተበተብ፥ ቤቱም ይዘምማል። የሰውየው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መውረድ ከጕድፉ ይልቅ ከዚህ ቋጠሮ መስፋፋት ጋር አብሮ እንደሚሄድ በብዙ ምርመራ ታይቷል።

እንግዲህ የትኛው ነው ጥፋተኛው? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ቤታ አሚሎይድን የሚከሱት ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። የረጅሙ ፕሮቲን ጂን የሚገኘው በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ መሆኑ በ1987 ታወቀ፤ ይህን ክሮሞዞም በሦስት ይዘው የሚወለዱት የዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ገና በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ጕድፉ ይከመርባቸዋል። በ1991 በለንደን፥ ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ አልዛይመር የተጠቃ ቤተ ሰብ በዚያው ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣባቸው ተገኘች። በ1992 ሃርዲና ሂጊንስ የተባሉ ሊቃውንት ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀመጡት፤ መጀመሪያ አሚሎይድ፥ ቀጥሎ ታው፥ በመጨረሻ የሕዋሱ ሞት። የተቃዋሚዎችም ነጥብ ቀላል አይደለም። ጕድፉ በአንጎላቸው ሞልቶ ሳለ አእምሯቸው እስከ ሞት የበራላቸው ሽማግሎች አሉ። ጕድፉን የሚጠርጉ መድኃኒቶችም ለብዙ ዓመት አንድ በአንድ ከሸፉ።

በዚህ መካከል አንድ አሳፋሪ ነገር ደረሰ። በ2006 «ኔቸር» በተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ፥ አንድ የተለየ የአሚሎይድ ዓይነት አይጦችን እንደሚያስረሳ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጥቶ፥ በሺህ የሚቈጠሩ ተመራማሪዎች ጠቀሱት። በ2022 ግን ሥዕሎቹ የተነካኩ ይመስላሉ የሚል ምርመራ ታተመ፤ ጽሑፉም በ2024 ተሰረዘ። ከዚህ ተነሥተው «የአሚሎይድ ነገር ሁሉ ውሸት ነው» ያሉ አልታጡም። እኛ በዚህ አንስማማም፤ የጂኑ ማስረጃ የቆመው በዚያ ጽሑፍ ላይ አልነበረምና። ይልቅስ ስሕተቱን ያወጣው የሌላ ተመራማሪ ዓይን መሆኑ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን የሚበጅ ትምህርት ነው። በታላቅ መጽሔት የታተመ ሥዕልም ተጠርጥሮ ይታያል።

በኋላ ግን አንድ መድኃኒት ፈተናውን አለፈ። ሌካኔማብ ይባላል፤ አሚሎይድን የሚይዝና የሚያስጠርግ ራሱም ፕሮቲን የሆነ ነገር ነው። በ1,795 በሽተኞች ላይ ለ18 ወር ተሞክሮ የደዌውን ጕዞ በ27 ከመቶ አዘገየ። በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሙሉ ፈቃድ ሰጠው፤ በ2024 ደግሞ ዶናኔማብ የተባለው ተከተለ። ይህ ቍጥር ግን በትክክል ይነበብ። በሽታው አልቆመም፤ አዘገመ እንጂ። በ18 ነጥብ መለኪያ ላይ መድኃኒቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ነጥብ እንኳ አልሞላም። በሙከራው መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር፤ በአንዳንድ ሰው ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት ስለሚያመጣ በትልቅ የአንጎል ማንሻ መሣሪያ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ሲጀመር በአሜሪካ ዋጋው ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት 26,500 ዶላር ነበር። ስለዚህ ከሐዋሳ ሆኖ ስለዚህ መድኃኒት ማሰብ ገና የሩቅ ነገር ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ሌላው ውጤት ነው። የተላቀቀው ታው ከአንጎል ወጥቶ ጥቂት ጥቂቱ በደም ውስጥ ይገኛል። ፎስፌቱ በ217ኛው ዶቃ ላይ የተለጠፈበትን የታው ዓይነት በደም መለካት፥ በአንጎል ውስጥ አሚሎይድ መኖሩን በጥሩ ሁኔታ ያመለክታል። በግንቦት 2025 በአሜሪካ እንዲህ ያለ የደም ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈቀደ። ከዚህ በፊት ይህን ለማወቅ ወይ የጀርባ ውሃ መቅዳት፥ ወይ እጅግ ውድ የሆነ የአንጎል ሥዕል ማንሣት ያሻ ነበር። አንድ ብልቃጥ ደም ግን በዓዳሬ ሆስፒታልም በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ዕለት በዕለት የሚቀዳ ነው። መሣሪያው ዛሬ ባይኖር እንኳ፥ ደም በበረዶ ተጠብቆ ሊቀመጥና ሊላክ ይችላል።

የሳይንስ ተማሪ የሆነ አንባቢ ደግሞ ሌላም በር ተከፍቶለታል። በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው፥ ከፊሉ፥ የፕሮቲንን አስተጣጠፍ ከዶቃዎቹ ተራ ብቻ ተነሥቶ የሚተነብይ «አልፋፎልድ» የተባለ የኮምፒዩተር ዘዴ ለሠሩት ሰዎች ነው። ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጾች ለማንም በነጻ ተከፍተዋል፤ ኢንተርኔት ያለው የሐዋሳ ተማሪ ከካምብሪጁ ተማሪ ጋር በአንድ ሰዓት ያያቸዋል። ይሁን እንጂ ታውና ቤታ አሚሎይድ የጸና ቅርጽ የሌላቸው፥ እንደ ልብስ ክር የሚዋልሉ ስለ ሆኑ፥ ዘዴው በእነርሱ ላይ ይቸገራል። የታው ክር በበሽተኛ አንጎል ውስጥ ምን እንደሚመስል አተም በአተም የታየው በ2017 በካምብሪጅ፥ ከሟች በሽተኛ አንጎል በተወሰደ ናሙና፥ በበረዶ በሚሠራ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ኮምፒዩተሩ ከሞተው ሰው ስጦታ ሊያልፍ አልቻለም።

ወደ ዋናው ጭንቀታችን እንምጣ። ይህ ሁሉ የተጠናው በማን አንጎልና በማን ደም ነው? አብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ነጮች ነው። በሌካኔማብ ሙከራ ውስጥ እንኳ የጥቍር ሰዎች ቍጥር እጅግ ጥቂት ነበር። ነገሩ የክብር ጕዳይ ብቻ ቢሆን ባላነሣነው፤ ግን የሳይንስ ጕዳይም ነው። በ1993 ኤፖ-ኢ4 የተባለ የጂን ዓይነት የአልዛይመርን ዕድል እንደሚያበዛ ታወቀ። በአውሮፓ ሰዎች ላይ ይህ እጅግ ግልጽ ነው። በናይጄሪያ በኢባዳን ከተማ ግን፥ የናይጄሪያ ሐኪሞች ከአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ከ1992 ጀምሮ የዮሩባ ሽማግሎችን ሲከታተሉ ሌላ ነገር አዩ። ጂኑ በሕዝቡ ዘንድ በብዛት አለ፤ ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነት ግን መጀመሪያ አልታየም፤ በኋላ የተመረመረው ሰው ሲበዛ በጥቂቱ ታየ። በ2001 ያወጡት ውጤት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል በየዓመቱ በአልዛይመር አዲስ የሚያዙት፥ በኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩ ጥቍር አሜሪካውያን 2.52 ከመቶ ሲሆኑ፥ በኢባዳን 1.15 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምግቡ ይሆን? የልብና የደም ሥር ጤንነት ይሆን? ሌላ የሚጠብቅ ጂን ይሆን? መልሱ ለመላው ዓለም መድኃኒት የሚጠቅም ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው የተገኘው ግን አፍሪካውያን ሽማግሎችን በየቤታቸው ሄደው የቈጠሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ እጅዋ ባዶ አይደለም። ከ1986 እስከ 1988 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በ60,820 ሰዎች ላይ የነርቭ በሽታዎችን ቈጥረዋል። ግንባር ቀደም ሆኖ የተገኘው የሚጥል በሽታ ሲሆን ከ100,000 ሰው 520 ነበረ፤ የልጅነት ልምሻ ያስከተለው ሽባነት፥ የአእምሮ ዕድገት ዝግመት፥ በሥጋ ደዌ የመጣ የነርቭ ሕመም፥ መስማትና መናገር አለመቻል ተከተሉ። የመርሳት ደዌ ከአምስቱ መካከል አልነበረም። በዚያ ዘመን፥ በዚያ የዕድሜ ልክ፥ ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ወደ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው። የዛሬው ዝርዝር ያው ይሆናል ብሎ የሚምል ሰው አይኖርም።

እኚሁ ምሁር የደከሙበት ሌላ ነገር ደግሞ የጓያ በሽታ ነው። በ1976 እና በ1977 በደምቢያና በፎገራ ብዙ ገበሬዎች በድንገት እግራቸው ተሳስሮ ቀረ። የጓያው መርዝ አንድ አሚኖ አሲድ ነው፤ ሞለኪውሉ ስሙም ቅርጹም የታወቀ ነው። እንግዲህ በነርቭ ደዌ ላይ የሞለኪውልን ምክንያት መፈለግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጓያ ግን መርዙ ከውጭ በአፍ ስለሚገባ፥ ምክንያቱን ያወቀ ሰው መንገዱን ሊዘጋው ይችላል፤ ጓያውን ዘፍዝፎ፥ ቀቅሎ፥ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል። ያም ሆኖ በችግር ዘመን ገበሬው ሌላ እህል ከሌለው፥ እያወቀ ይበላዋል። በአልዛይመር ፕሮቲኑ የራሳችን ስለ ሆነ በሩን መዝጋት አይቻልም፤ ማዘግየት ይቻል እንደ ሆነ ነው የሚጠየቀው።

ስለ ማዘግየት ከተነሣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ስም እንጥቀስ። ዶክቶር ዮናስ ገዳ በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ለብዙ ዓመት በዚሁ መስክ የሠሩ የአእምሮና የነርቭ ሐኪም ናቸው። በ2017 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፥ 70 ዓመት የሞላቸውን 1,929 ሰዎች ለአራት ዓመት ያህል ተከታትለዋል። በኮምፒዩተር የሚሠሩ፥ የእጅ ሥራ የሚሠሩ፥ ከሰው ጋር የሚጫወቱ ሽማግሎች፥ ከማይሠሩት ይልቅ የመርሳት መጀመሪያ ደረጃ ላይ የመድረስ ዕድላቸው ከ22 እስከ 30 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ስለሚሠራ ነው ያልረሳው፥ ወይስ አእምሮው ገና ደኅና ስለ ሆነ ነው የሚሠራው? እንዲህ ያለ ጥናት ይህን ለይቶ ሊነግረን አይችልም። እኛ ግን እድርና ማኅበር፥ ጥጥ ፈተላና ገበጣ የሚያዘወትር ሽማግሌ የሚቈጠርበት እንዲህ ያለ ጥናት በአገራችን ቢደረግ ብለን ተመኝተናል።

እንግዲህ በሐዋሳ ዛሬ ምን ይሠራ? «ዘመናዊ የፕሮቲን ላቦራቶሪ ይቋቋም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጋዜጣ ላይ ብዙ ተጽፏል። በእኛ አስተያየት ከዚያ የሚቀድም ሥራ አለ፤ ርካሽም ነው። የረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር የያዘው አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፥ የእንቅርት ዕጢ መዳከም፥ ከባድ ሐዘን፥ የማይስማማ መድኃኒት፥ ቂጥኝና ኤች አይ ቪ ያስረሳሉ። ሽማግሌው ከሳምንታት በፊት ደረጃ ላይ ወድቀው በራስ ቅላቸው ውስጥ የተጠራቀመ ደምም እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። «ጃጁ» የምንለው ቃል እነዚህንም ጭምር ይቀብራል፤ የሚያስቈጣንም ይህ ነው። እኚያ የመዝገብ ቤት ሹም በደም ማነስ ወይም በዕጢ ሕመም ረስተው ቢሆንስ? ከዚህም ሌላ፥ በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰበሰቡ ሊቃውንት፥ የመርሳት ደዌ እስከ 45 ከመቶ የሚደርሰው ከአሥራ አራት ሊስተካከሉ ከሚችሉ ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ ገምተዋል። የደም ግፊት፥ ስኳር፥ ትምህርት ማጣት፥ የጆሮ መድከም፥ ብቸኝነት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የደም ግፊት መለኪያ በየጤና ጣቢያው አለ።

ከዚያ በኋላ የቀረው መመርመርና መመዝገብ ነው። እዚህ ላይ ግን ወጣቱ የጤና መኰንን አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በውጭ አገር ከተዘጋጁት ጥያቄዎች አንዱ «የሰዓት ክብ ሣልና አሥራ አንድ ከዐሥር አድርግ» የሚል ነው። ሰዓትን ከንጋት የሚቈጥር፥ በዚያም ላይ እርሳስ ይዞ የማያውቅ አባት ክቡን ካጣመመ፥ የደከመው አእምሮው ነው ወይስ መጠየቂያው? በኢባዳን ያጠኑት ሰዎች ይህን ስለ ተረዱ፥ ጽሕፈት ለማያውቅ ሰው የሚሆን መጠይቅ አዘጋጁ፤ የቤተ ሰቡንም ቃል ከበሽተኛው መልስ ጋር ደመሩ። «አባትህ ገበያ ሄደው ትክክለኛ መልስ ይዘው ይመለሳሉ? የልጅ ልጃቸውን ስም ያደናግራሉ?» ብሎ መጠየቅ የሰዓት ክብ ከማሣል የተሻለ ይናገራል።

በሲዳማ ደግሞ ነገሩ ከሰዓት ያልፋል። በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው የፍቼ ጫምባላላ በዓል የሚውልበትን ቀን፥ ኮከብ እያዩ የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት ሽማግሎች ናቸው። ወረቀት ሳይዙ የዘመን ቈጠራውን በአእምሯቸው ተሸክመው ይኖራሉ። በሲዳማ ባህል ሳምንቱ አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፥ ዴላ፥ ቃዋዶ፥ ቃዋላንካ። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው፥ ወጣቱ መኰንን ቅጹን ዘርግቶ «አባባ፥ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ይላቸዋል። እርሳቸውም ጥቂት አስበው «ዴላ» ይላሉ። መኰንኑ በቅጹ ላይ «ስሕተት» ብሎ ከመጻፉ በፊት፥ በዕለቱ ዴላ መሆን አለመሆኑን ከውጭ ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች ይጠይቅ።